ጣራው የሚያፈስ ላንድሮቨር ይዛችሁ ክረምት እንዳትገቡ

ነሐሴ ውስጥ ነው። የነፍስ አባታችንን ወደ ዘጌ እያደረስኩ ነበር። ከባሕር ዳር ስንነሳ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ብዙም ሳንርቅ ዶፉን አወረደው። የእኔ ላንድሮቨር ደግሞ ውጭ ሲዘንብ ውስጥ የሚያካፋ መኪና ነበር። ጠብታው ሌላ ቦታ የጠፋበት ይመስል በቀጥታ የአባ ጥምጣም ላይ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። ዝም ብለው ቆዩና ቀና ብለው ጣራውን አይተው፣ «ልጄ፣ ጠበሉ መኪናው ውስጥ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ሳቅን። እኔ ግን ከሳቄ እፍረቴ ይበልጥ ነበር። በማግስቱ ሦስት ቱቦ ሲሊኮን ገዝቼ ጣራውን ዙሪያውን ለቀለቅኩት። በሚቀጥለው ዝናብ ባሰበት። አንድ ቦታ ያንጠባጥብ የነበረው ሦስት ቦታ ሆነ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ፣ ጣራውን ከነጭራሹ አውርጄ ካየሁት በኋላ ነው። እናንተ እዚያ ሳትደርሱ እንድትገላገሉ ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

በነገራችን ላይ እኛ አገር «ሃርድቶፕ» ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ያንን ረጅም ቶዮታ ነው። እኔ የማወራው ግን ጣራው በቡሎን ተፈቶ ስለሚነሳ መኪና ነው። የኔው ላንድሮቨር ስለሆነ እሱን ይዤ እሄዳለሁ። አሮጌውን «40» የሚባለውን የላንድክሩዘር ሞዴል ወይም የፋይበር ጣራ የተደፋበት ሱዙኪ የያዛችሁም ብትሆኑ አብዛኛው ነገር ይሠራላችኋል፤ የቡሎኑ ቦታ ቢለያይም ውሃው የሚያስበው አንድ ዓይነት ነው።

ጣራውን እወቁት

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በ1948 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በኮታ ስለነበር አካሉን በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ሠሩት። ጣራውም ሲፈለግ ተፈቶ በሸራ እንዲተካ ሆኖ ነው የተሠራው። ዲፌንደር የሚለው የሞዴሉ ስም በ1990 እ.ኤ.አ. መጣ፣ የዚያ የድሮው ሞዴል ማምረቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ቆመ፣ ጣራው ግን እስከ መጨረሻው በቡሎን የሚታሰር ጣራ ሆኖ ቀረ።

ይህ ማለት ጣራው አንድ ወጥ ላሜራ አይደለም። ከፊት በመስታወቱ ፍሬም ላይ ይቀመጣል፣ ከጎን በጎን ግድግዳዎቹ ላይ፣ ከኋላ በበሩ ፍሬም ላይ። በየመሃሉ ጎማ ወይም የሚለጠፍ ማሸጊያ አለ። ውሃውን የሚያስቆመው ላሜራው ሳይሆን ያ ጎማ ነው። ጎማው ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ፣ 1,800 ሜትር አካባቢ፣ በጋውን ሙሉ ፀሐይ ሲያቃጥለው ከርሞ ሚያዝያ ላይ እንደ ድርቆሽ ይሆናል። ከዚያ ሰኔ ይመጣል።

ሌላ አንድ ነገር። አሉሚኒየምና ብረት ተነካክተው እርጥበት ካገኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። ቡሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ እሱ ነው። ውሃው እዚያ ቦታ ለብዙ ጊዜ ተኝቷል ማለት ነው። ይህን ምልክት ልብ በሉት፣ በኋላ ያገለግላችኋል።

መቼ ይሠራ?

ግንቦት። ክረምቱ ከገባ በኋላ መጀመር ሞኝነት ነው፤ ማጣበቂያው ደረቅ ላሜራ ይፈልጋል፣ ሐምሌ ላይ ባሕር ዳር ውስጥ ደረቅ ላሜራ የሚገኘው ሱቅ ውስጥ ነው። የከተማችን ዝናብ በዓመት 1,400 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛውም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወርዳል። ካመለጣችሁ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ የሚታይበትን ክፍተት ጠብቁ፣ መኪናውንም ጣራ ስር አስገቡት።

ሥራውን ጠዋት ጀምሩት። ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል ነፋሱ ይነሳል፤ አቧራውም፣ ቅጠሉም፣ ያቺ ትንኝም ሁሉ የቀባችሁት ማጣበቂያ ላይ ነው የሚያርፉት። እኔ ጋ አሁንም አንድ ጥግ ላይ የተለጠፉ ትንኞች አሉ፤ እንደ ማስታወሻ ትቻቸዋለሁ።

በመጀመሪያ አድርቁ

ምንጣፉን አውጡ፣ የወንበሩን ትራስ አንሱ፣ ከጣራው ውስጥ ሽፋን ካለው ሽፋኑን አውርዱ። ይህን ሰነፍ ሆናችሁ እንዳትዘሉት። ሽፋኑ ውሃውን ይዞ ሌላ ቦታ ስለሚያወርደው ሁሌም ያታልላችኋል፤ እኔን ለአንድ ወር ያህል በኋላ መስኮት ሲያስጠረጥረኝ የከረመው ከፊት የገባ ውሃ ነበር። ባትሪው ወንበር ስር ያለበት ሞዴል ከሆነ እዚያ ውሃ መተኛቱንም እዩ። ሻጋታ ከሸተተ መኪናውን በሮቹን ከፍታችሁ ፀሐይ ላይ አውሉት፣ ማታ ማታ ደግሞ በሰፌድ ያልተቀጣጠለ ከሰል አስቀምጡበት፤ ሽታውን ይስበዋል።

ቀዳዳውን ፈልጉ፤ ዋናው ሥራ ይሄ ነው

አብዛኛው ሰው፣ እኔን ጨምሮ፣ ጠብታ ካየበት ቦታ በላይ ይለቀልቃል። ውሃ ግን እንደዚያ አይሄድም። በአንዱ ቡሎን ይገባል፣ በላሜራው ጠርዝ ተከትሎ አንድ ሜትር ይጓዛል፣ ከዚያ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይወድቃል። አባ ጥምጣም ላይ የወደቀው ውሃ የገባው ከራሳቸው በላይ ሳይሆን ከእኔ ራስ በላይ ነበር።

የሚያስፈልገው ሁለት ሰው፣ ባትሪ መብራት፣ ጠመኔ፣ ሶፍት፣ እና ውሃ ነው። ቧንቧ ውሃ በመጣበት ቀን ጎማ ቱቦ ካላችሁ ጥሩ። ከሌለ ከቱቦው የሚሻል ነገር ልንገራችሁ፤ የሃይላንድ ላስቲክ ክዳኑን በጋለ ምስማር አንድ ቀዳዳ ብሱት። ቀጭን ውሃ የፈለጋችሁበት ነጥብ ላይ ብቻ ታፈሳላችሁ። ቱቦው ሁሉንም ያርሰውና ከየት እንደገባ ግራ ያጋባችኋል። መኪና ማጠቢያ ቤት ወስዳችሁ በግፊት ውሃ ማስመታት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ ያ ውሃ ጤነኛውን ጎማም አልፎ ይገባል።

አንዱ ውስጥ ይቀመጣል፣ መስኮትና በር ይዘጋል። ውጭ ያለው ከታች ይጀምራል። ከታች! መጀመሪያ የፊት መስታወቱ ስር፣ ቀጥሎ የመስታወቱ ጎን፣ ቀጥሎ የበሩ ጎማ፣ ቀጥሎ የጎን መስኮት፣ በመጨረሻ አሸንዳውና ጣራው። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ወርዶ ታቹንም ስለሚያረጥበው ምንም አታውቁም። በእያንዳንዱ ቦታ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ታገሡ፤ አንዳንድ ቀዳዳ ቀስ ብሎ ነው የሚሰጠው። ውስጥ ያለው ሰው ሶፍቱን በመጋጠሚያው ላይ እየተጫነ ይሄዳል። ዓይን የማያየውን እርጥበት ሶፍት ያሳያል። እኔ የጎረቤት ልጅ አስገብቼ ነበር፤ «ጋሼ፣ ገባ!» ባለ ቁጥር ከውጭ በጠመኔ አሰምራለሁ። መጨረሻ ላይ ስናይ አምስት ምልክት። ሲሊኮን የለቀለቅኩበት ቦታ ላይ ደግሞ አንድም የለም።

ውሃ ሳትጠቀሙ ማጣራት ከፈለጋችሁ ሁለት ቀላል መንገድ አለ። ማታ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ መብራቱን በመጋጠሚያው ላይ ይሂድበት፣ እናንተ ውጭ ሆናችሁ ብርሃን የሚወጣበትን እዩ። ለበር ጎማ ደግሞ የደብተር ወረቀት በጎማውና በፍሬሙ መሃል አድርጋችሁ በሩን ዝጉና ሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው አይጫንም።

ሁለት የማታለያ ነገሮች አሉ። አንደኛው ላብ ነው። ጠዋት ጣራው ከውስጥ ሙሉውን በትንንሽ ጠብታ ከተሸፈነና ሌሊቱን ካልዘነበ፣ የተሳፋሪ ትንፋሽና እርጥብ ልብስ ቀዝቃዛ ላሜራ ላይ ያመጣው ነው። መስኮት ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ መንዳት ይበቃል። ሁለተኛው እግር ስር የሚተኛ ውሃ ነው። ብዙ ጊዜ ከጣራው አይደለም፤ ከፊት መስታወቱ በታች ካሉት ሁለት የአየር መክፈቻዎች ነው። ስፖንጃቸው ሲያልቅ ተዘግተውም ያስገባሉ። ስፖንጁን ልጣችሁ አዲስ መለጠፍ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ለዚህ ብላችሁ ጣራ እንዳትነኩ።

ምን ይገዛ፣ ምን አይገዛ

ሲሊኮኑ ለምን እንዳሳበደኝ አሁን ልንገራችሁ። ጣራው ዙሪያውን አሸንዳ አለው፣ ውሃው በጫፎቹ እንዲወርድ። እኔ ጫፎቹን ደፈንኳቸው። ውሃው መውጫ ሲያጣ አሸንዳው ውስጥ ሞልቶ ተኛ፣ ሲሞላ ደግሞ ወደ ላይኛው ቡሎን ቀዳዳ ደረሰ። ራሴ ገንዳ ሠራሁለት ማለት ነው።

ከዚያ ሌላ፣ ያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ርካሽ ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፤ ለሻወር ቤት ሴራሚክ ይሆናል፣ ለላሜራ ግን ጠላት ነው። ከተቀባ በኋላም ቀለም አይይዝበትም፤ ባትላሜራው ጋ ስትሄዱ ይረግማችኋል። ስቱኮም አይሆንም። ይህ መኪና ኮሮኮንች ላይ ሲሄድ አካሉ ይተጣጠፋል፤ ስቱኮ አይተጣጠፍም፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ ደግሞ እዚያው ይቀራል።

የሚያስፈልገው ተጣጣፊ ፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ነው። የመኪና መስታወት የሚለጥፉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት። የሕንፃ መሣሪያ መደብርም ሲካ ብላችሁ ጠይቁ፣ ግን ለሲሚንቶ የሚሆነው ሌላ ነው፤ «ለመኪና መስታወት» በሉ። ለቡሎኖቹ ስር ላስቲክ ሮንዴላ። ለመጋጠሚያው አዲስ ጎማ። ጎማውን በቃል ገልጻችሁ ለመግዛት አትሞክሩ፤ ከአሮጌው አንድ ጣት የሚያህል ቆርጣችሁ ያዙና ባለ ሱቁ ፊት አስተያዩት። እዚህ ካጣችሁ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ያቺን ቁራጭ ስጡት፣ ሶማሌ ተራ የማይገኝ ነገር የለም። ስትለኩ ደግሞ ከሚያስፈልገው ትንሽ አስበልጡ። ጎማ ተስቦ ከተገጠመ ተመልሶ ይሰበሰብና ጥግ ላይ ክፍተት ይተዋል።

የፊቱ መጋጠሚያ

ቆሞ ሲዘንብበት ደረቅ፣ ስትነዱት ግን ግንባራችሁ ላይ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ይሄ ነው። ነፋሱ ውሃውን በጣራውና በመስታወቱ ፍሬም መሃል ይገፋዋል። ለዚህ ጣራውን ሙሉ በሙሉ ማውረድ አያስፈልግም።

ፖርቶ መጋላ ካለ መጀመሪያ እሱ ይውረድ። ከዚያ ከውስጥ፣ ከፀሐይ መከላከያው በላይ ያሉትን ቡሎኖች ፍቱ። በሁለቱም ጎን ደግሞ ከፊት ጀምሮ ያሉትን ጥቂት ቡሎኖች አላሉ፣ አታውጧቸው። የዛጉትን ከባለፈው ማታ ጀምሮ ናፍጣ ወይም የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጠብ አድርጉባቸው። በጉልበት የተበጠሰ ቡሎን ግማሽ ቀን ነው የሚበላችሁ፣ እኔን ሁለቱ አንድ ቅዳሜ በልተውኛል።

አሁን ጣራውን ከፊት ቀስ ብላችሁ አንሱና በሁለቱ ጥግ እንጨት ሰካ አድርጉ። ሁለት ጣት ያህል ከተነሳ ይበቃል። ከዚያ በላይ ካነሳችሁት ላሜራው ይታጠፋል፤ የታጠፈ አሉሚኒየም ደግሞ ተመልሶ ልክ አይሆንም። አሮጌውን ጎማ ጎትቱት፣ ይበጣጠሳል፣ ምንም አይደል።

አሁን የሚያሰለቸው ክፍል መጣ። ጽዳት። አሮጌውን ማጣበቂያ በፕላስቲክ ስፓቱላ ፍቁት። የብረት ሽቦ ብሩሽ አሉሚኒየሙ ላይ አትጠቀሙ፤ የሽቦው ብናኝ ውስጡ ይቀርና ያንን ነጭ ዱቄት እንደገና ይጠራዋል። በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ በአልኮል ጥረጉ። ቤንዚን ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ስለዚህ አዲሱ ጎማ አጠገብ አታቅርቡት። የመስታወቱ ፍሬም ብረት ስለሆነ የዛገ ቦታ ካገኛችሁ ልጣችሁ ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡትና ይድረቅ። ጽዳቱ ሁለት ሰዓት ከፈጀባችሁ ልክ ናችሁ፤ ሃያ ደቂቃ ከፈጀ ተመለሱበት።

አዲሱን ጎማ ሳትስቡት፣ እየገፋችሁ አስቀምጡት። በሁለቱ ጥግ ላይ ብቻ ትንሽ ማጣበቂያ አድርጉ፤ ውሃ የሚወደው ጥግን ነው። እንጨቱን አውጡ፣ ጣራውን አሳርፉ፣ ሁሉንም ቡሎኖች መጀመሪያ በእጅ አስጀምሯቸው። አንዱን ጥብቅ አድርጋችሁ ከጨረሳችሁ የሌላው ቀዳዳ አይገጥምም። ከመሃል ወደ ጥግ እየሄዳችሁ፣ በሁለት ሦስት ዙር አጥብቁ። ጎማው ሲጨመቅ አቁሙ። «ይበልጥ ላጥብቀው» የሚለው ሐሳብ ነው ጎማውን ከመሃል ገፍቶ የሚያስወጣው።

አሸንዳውና ሪቬቶቹ

አሸንዳው ውስጥ ያለውን ጭቃና ቅጠል ጥረጉ። ባሕር ዳር ጥላ ፍለጋ ሁላችንም ዛፍ ስር ነው የምናቆመው፤ ቅጠሉና ፍሬው አሸንዳው ውስጥ ወድቆ ሲበሰብስ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ጫፎቹ ክፍት መሆናቸውን እዩ። እንደ እኔ የደፈናችሁም ካላችሁ ልጡት፣ ማንም አያይም።

አሸንዳው ከጣራው ጋር በተያያዘበት መስመር ላይ ስንጥቅ ካለ አሮጌውን ማሸጊያ ልጡ፣ አጽዱ፣ በሁለቱም ጎን የወረቀት ፕላስተር ለጥፉና መሃሉን በቀጭኑ በማጣበቂያ ሙሉት። በሳሙና ውሃ በነከራችሁት ጣት አንድ ጊዜ ብቻ ሳቡበት፣ ፕላስተሩን ሳይደርቅ ንቀሉት። ውፍረት አይጠቅምም። ፖሊዩሬቴን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት ስለሆነ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፣ በቀን ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ፤ የወፈረው ከላይ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ይሆናል።

ላሜራውን ከላሜራ የሚያያይዘው ሪቬት ከተንቀጠቀጠ እሱ ላይ ማጣበቂያ መለጠፍ ጊዜ ማባከን ነው። በመሰርሰሪያ አውጡትና በአዲስ ተኩት፣ ከመምታታችሁ በፊት ቀዳዳው ዙሪያ ማጣበቂያ ቀቡ። የአሉሚኒየም ሪቬት ይሁን።

ድርብ ጣራ ያለው ላንድሮቨር ካላችሁ፣ ለቆላ ሙቀት ብለው ከዋናው ጣራ በላይ ሁለተኛ ላሜራ ያደረጉበት ማለቴ ነው፣ የላይኛው የታሰረባቸው ቡሎኖች የታችኛውን ጣራ በስተው ነው የሚገቡት። የላስቲክ ሮንዴላዎቹ አርጅተው ይሆናል። አንድ በአንድ ፈታችሁ ቀይሩ። ለአንቴናና ለፖርቶ መጋላ የተበሱ የድሮ ቀዳዳዎችም እንደዚያው፤ ባለቤቱ ሲቀያየር ቀዳዳው ብቻ ይቀራል። ትንሹን በሪቬትና በማጣበቂያ ዝጉ፣ ትልቁን በአሉሚኒየም ቁራጭ።

የጣራው ጠርዝ ላይ ያሉት ጠባብ መስኮቶች

እነዚህ የሚያምሩ ነገሮች ናቸው፤ ደብረ ማርያም ላይ የምታርፈውን ወፍ ከኋላ ወንበር ሆናችሁ ታያላችሁ። ግን ያፈሳሉ። ጎማቸው ከጠነከረ መቀየር ነው እንጂ ላዩን መቀባት አይሠራም።

ከጎማው መሃል ያለችውን ቀጭን ማጥበቂያ ጎማ በካቻቢቴ ጫፍ አንስታችሁ ጎትቷት፤ እሷ ስትወጣ ሁሉም ይላላል። አንድ ሰው ከውጭ መስታወቱን ይያዝ፣ እናንተ ከውስጥ ግፉ። ፍሬሙን እንደ ፊቱ አጽዱ። አዲሱን ጎማ መስታወቱ ላይ አልብሱት፣ መገጣጠሚያው ከታች መሃል ላይ ይሁን፣ ጥግ ላይ አይሁን። ከዚያ በጎማው ውጫዊ ቦይ ውስጥ ዙሪያውን ሲባጎ አስገቡና ሁለቱን ጫፎች ወደ ውስጥ አሳልፏቸው። ጎማውን በሳሙና ውሃ አርጥቡት። አንዱ ከውጭ መስታወቱን በመዳፉ ይጫናል፣ አንዱ ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያለ ይስባል፤ ጎማው ከንፈሩን በላሜራው ላይ እያገላበጠ ይገባል። መጀመሪያ ሳየው አስማት መስሎኝ ነበር። ማጥበቂያዋን መልሱና ጨረሳችሁ። በጡጫ ግን አትምቱት፣ የእነዚህ መስታወት ምትክ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ጣራው ሙሉ በሙሉ ይውረድ ካላችሁ

ምልክታችሁ ብዙ ከሆነና ነጩ ዱቄት ዙሪያውን ከሞላ፣ ማውረዱ ይሻላል። አራት ሰው ጥሩ፣ በአራቱም ጥግ። ጎረቤት ጥሩ፣ ምሳ አብሉ። ነፋስ ባለበት ሰዓት አታንሱት፤ ቀላል ሰፊ ላሜራ ነው፣ ነፋሱ እንደ ሸራ ያነሳዋል። የመብራት ሽቦ ጣራው ላይ ከተያያዘ ከማንሳታችሁ በፊት ፍቱት፣ ይሄን ረስቼ ሽቦ በጥሻለሁ። ቡሎኖቹን ከየት እንደወጡ ለይታችሁ በተለያየ ጣሳ አስቀምጡ፤ ርዝመታቸው ሊለያይ ይችላል። ጣራውን መሬት ላይ አታስተኙት፣ ሁለት ጎማ ላይ ደልድሉት።

ከዚያ የሚሠራው ያው ነው፤ ጽዳት፣ ፀረ ዝገት ቀለም፣ አዲስ ጎማ፣ ላስቲክ ሮንዴላ፣ በእጅ ማስጀመር፣ ከመሃል ወደ ጥግ ማጥበቅ። ብረትና አሉሚኒየም በቀጥታ እንዳይነካኩ መሃላቸው ቀለም ወይም ጎማ መኖሩን እያያችሁ።

መንገድ ላይ ዝናብ ከያዛችሁና ለጊዜው ማስቆም ከፈለጋችሁ፣ ቦታውን አድርቃችሁ ሰፊ ውሃ የማያሳልፍ ፕላስተር ከውጭ ለጥፉ። የላይኛው ጠርዝ በደንብ ይጫን። ቤት ስትደርሱ ግን አንሱት፤ የተረሳ ፕላስተር ስር ነው ዝገት የሚራባው።

ፈተናው

ማጣበቂያው አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ። ከዚያ ያንኑ የሃይላንድ ላስቲክ፣ ያንኑ ልጅ፣ ያንኑ ሶፍት ይዛችሁ ከታች ወደ ላይ እንደገና ሂዱበት። ደረቅ ከሆነ ወደ ጢስ አባይ ወይም ወዲያ ወደ ሐሙሲት አንድ ዙር ነድታችሁ ተመልሳችሁ ቡሎኖቹን ዳሷቸው። አዲስ ጎማ ሲቀመጥ ትንሽ ስለሚላሉ ሩብ ዙር ያህል ሊቀበሉ ይችላሉ። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ጎማዎቹን በሳሙና ውሃ አጥባችሁ ሲሊኮን ስፕሬይ ወይም ግሊሰሪን በጨርቅ እሹባቸው። ዘይትና ግራሶ አይሆንም።

የእኔው አሁን ከፊትም ከጎንም ደረቅ ነው። የቀረኝ የኋላ በሩ ጎማ ነው፤ ቁራጩን ለአንድ ሹፌር ሰጥቼ አዲስ አበባ ልኬያለሁ፣ እስካሁን አልመጣልኝም። እስከዚያው አባን ፊት ነው የማስቀምጣቸው። አሁንም ሲሳፈሩ መጀመሪያ የሚያዩት ጣራውን ነው።